ለትንሽ በቀቀን ከደረቅ እህል ሌላ ምን ይሰጣል? (ደብረ ማርቆስ)

የቄጤማ እናት፦

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ ቤተሰብ፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ወንድሜ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጄ ብሎ አንዲት ትንሽ በቀቀን ይዞልን መጣ፣ ያቺ ባጂ የሚሏት ትንሿ አረንጓዴ፣ እኛም ቄጤማ አልናት። ሻጩ ገና ልጅ ናት ብሎታል፣ ግንባሯ ላይ እስከ አፍንጫዋ የሚወርድ ጥቁር ጥቁር መስመር አለ፣ ዓይኗም ድፍን ጥቁር ነው። ከሷ ጋር አንድ ላስቲክ ድብልቅ እህል ሰጥቶታል፣ ዳጉሳ የመሰለ ደቃቅ ነገር፣ ትንሽ ረዘም ያለ ፍሬና የፈረንጅ ሱፍ አለው፣ ይሄ ይበቃታል ሌላ ምንም አያስፈልጋትም ነው ያለው።

እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ፣ አንድ ፍጥረት ዕድሜ ልኩን ደረቅ እህል ብቻ እየበላ እንዴት ይሆናል? የሰፈር ሰው ደግሞ ሁሉም የየራሱን ይላል፣ አንዷ ጎረቤቴ ኑግ ስጫት ትፋፋለች ትለኛለች፣ እናቴ እንጀራ በወተት አርሰሽ አቅምሻት ትላለች፣ አንዱ ደግሞ የዶሮ መኖ ግዥላት ሁሉ ነገር አለው አለኝ። ልጄም የሚበላውን ሁሉ ካላካፈልኳት ባይ ነው፣ ትናንት አቮካዶ በማንኪያ ይዞ ወደ ጎጆዋ ሲሄድ ነው የያዝኩት። ሳህኗ ደግሞ ሁሌም ሙሉ ነው፣ ጠዋት ባየው ሙሉ ማታ ባየው ሙሉ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ነው የምትውለው፣ ይሄም አልገባኝም። ፔሌት የሚባለውን፣ ተፈጭቶና ተደባልቆ እንደ ፍሬ የተሠራውን የወፍ ምግብ እዚህ ከተማ ፈልጌ አጣሁት። እባካችሁ የምታውቁ፣ ከማርቆስ ገበያ የሚገኝ ምን ምን ልስጣት፣ ምኑንስ ላርቅባት?

ጣና ዳር፦

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ ቄጤማን ያሳድግላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ ባጂ ካረባሁ ቆይቻለሁ፣ የጠየቅሽውን ሁሉ እመልሳለሁ ግን መጀመሪያ ሳህኑ። ሁሌም ሙሉ ነው ያልሽው ነገር አስደንግጦኛል። ባጂ እህሉን በምንቃሯ ፈልፍላ ፍሬውን ትውጥና ገለባውን እዛው ሳህኑ ላይ ነው የምትጥለው፣ ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ሙሉ እህል የሚመስለው ባዶ ገለባ ሊሆን ይችላል፣ ሳህኑ ሙሉ ነው እየተባለ በረሃብ የሚሞቱ አሉ። አሁኑኑ ሂጅና ሳህኑን ወደ ውጭ አውጥተሽ ቀስ ብለሽ እፍ በይበት፣ የሚበነው ገለባ ነው፣ የሚቀረው እህል ነው። ይሄን በየቀኑ ጠዋት አድርጊው። አንዲት ባጂ በቀን የሚበቃት አንድ ተኩል ወይ ሁለት የሻይ ማንኪያ እህል ነው።

ዕድሜዋን ሻጩ አልዋሸም። መስመሩ እስከ አፍንጫዋ ከወረደ የመጀመሪያ ላባዋን ገና አልቀየረችም ማለት ነው፣ እሱን የምትቀይረው ከ3 እስከ 4 ወር ስትደርስ ነው፣ ያኔ ግንባሯ ይጠራል፣ ዓይኗም ቆይቶ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀለበት ያወጣል። ራሷ ፈልፍላ ከበላች ደግሞ ከእናቷ አፍ ተለያይታለች፣ በማንኪያ ወይ በሲሪንጅ ማጉረስ አያስፈልጋትም፣ ማንም ቢልሽ እንዳታደርጊው፣ ትን ብሏት ምግቡ ሳንባዋ ይገባል። ልጅ መሆኗ ለአንች ጥሩ ነው፣ ትልቅ ባጂ የማያውቀውን ምግብ ለመቅመስ ወራት ይፈጅበታል፣ ልጅ ግን ሁሉን ትሞክራለች።

አሁን ወደ እህሉ። ደረቅ እህል ብቻውን አይበቃም፣ ልብሽ ትክክል ነው የነገረሽ። ስቡ ብዙ ነው (ሱፉ በተለይ)፣ ቪታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ አዮዲንም ይጎድለዋል። አዮዲን ያጣች ባጂ ልክ እንደ ሰው እንቅርት ይይዛታል፣ ግን ከውጭ አይታይም፣ ወደ ውስጥ አብጦ መተንፈሻዋን ይጫናል፣ ስትተነፍስ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቪታሚን ኤ ሲጎድላት አፍንጫዋና ሳንባዋ ቶሎ ቶሎ ይታመማል። ጉበቷ ደግሞ በስብ ይሞላል፣ ይሄ ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አንድ ሁለት ዓመት ደህና መስላ ትቆይና ድንገት ትወድቃለች፣ ሰውም ምን ነካት ይላል።

ስለዚህ እህሉን ሳታቆሚ ጎን ለጎን አረንጓዴና ቢጫ ነገር አስለምጃት። የሐበሻ ጎመን አንደኛ ነው፣ ካልሲየምም ቪታሚን ኤም አለው፣ በየቀኑ ብትሰጫት ምንም አትሆን። ካሮት ተፍቆ፣ ዱባ፣ ቀቅለሽ ያቀዘቀዝሽው ስኳር ድንች፣ ቃሪያ ከነፍሬው። ቃሪያው ያቃጥላታል ብለሽ አትፍሪ፣ ወፍ የቃሪያን ማቃጠል አትሰማውም፣ ልጅሽ ሲያይ ይገረማል። ቆስጣ አልፎ አልፎ ይሁን፣ ካልሲየሙን የሚይዝባት ነገር አለው። ሰላጣ ውሃ ነው፣ አይጎዳም አይጠቅምም። ፍራፍሬ ደግሞ ፓፓያና ማንጎ ይሁን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃታል፣ ስኳር ስለሆነ። ሁሉን በደንብ ታጥቢያለሽ፣ አትክልት ላይ ምን እንደሚረጭ ታውቂያለሽ።

አቮካዶ በፍጹም በፍጹም! ልጅሽን ስለያዝሽው እግዜር ይስጥሽ። ውስጡ ፐርሲን የሚባል መርዝ አለ፣ ለእኛ ምንም የማያደርገን የወፍን ልብና ሳንባ ይመታል፣ ለሷ ትንሽም ብዙ ነው። በየጁስ ቤቱ የምንጠጣው ነገር ስለሆነ ሰው አያምንም፣ ለልጁ ግን አስረግጠሽ ንገሪው። ቸኮላት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ጠላ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው ያለበት ማንኛውም ነገር፣ የወጥ ፍርፋሪ፣ ሊጥ፣ ጥሬ ድንች፣ የፖም ዘርና የኮክ ድንጋይ፣ እነዚህም ሁሉ አይጠጉዋት።

ስለ ኑግ፣ ጎረቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ የኛ ኑግ በውጭ አገርም የታወቀ የወፍ ምግብ ነው፣ ወፍ ትወደዋለች። ግን ሲሶው ገደማ ዘይት ነው፣ ትፋፋለች ያለችው እውነት ነው፣ መፋፋቱ ነው ችግሩ። እጇን ስትለምድ ለሽልማት አምስት ስድስት ፍሬ ስጫት፣ ሳህኗ ውስጥ ግን አትጨምሪው። ሱፉንም ከድብልቁ ለቅመሽ አውጥተሽ እንደዛው በእጅሽ ስጫት፣ ቶሎ ትላመድሻለች።

የቡሬው ሐኪም፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንስሳት ጤና ላይ ነው የምሠራው፣ ጣና ዳር ያለውን ልድገም አልልም፣ የዶሮ መኖውና ወተቱ ላይ ግን ማለት ያለብኝ ነገር አለ።

እህቴ የዶሮ መኖ ተይው። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፣ ይሄ በየቀኑ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ የተሠራ ነው፣ እንቁላል ለማትጥል 35 ግራም ለምትመዝን ልጅ ወፍ ግን ኩላሊቷን ነው የሚያበላሸው። የጫጩት መኖ ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) መድኃኒት ይቀላቀልበታል። ለዶሮ ተብሎ የሚሸጠውን የቪታሚን ዱቄትም ውሃዋ ውስጥ አትጨምሪ፣ ቪታሚን ኤና ዲ ሲበዛም መርዝ ነው፣ ለዶሮ የተለካውን መጠን ለሷ ለማካፈል ብትሞክሪ እንኳን አይሆንልሽም። እናትሽን ደግሞ በአክብሮት፣ ወተት ይቅር በያት፣ ወፍ የወተትን ስኳር የምትፈጭበት ነገር ሆዷ ውስጥ የለም፣ ያስቀምጣታል። እንጀራ ቁራሽ ብትቀምስ አትሞትም፣ ግን ሆዷን ሞልቶ የሚጠቅማትን ምግብ ያስቀርባታል።

ካልሲየሙን ከቤትሽ ታገኝዋለሽ። የእንቁላል ቅርፊት አስር ደቂቃ አፍይተሽ፣ በደንብ አድርቀሽ፣ ሙቀጫ ውስጥ ደቁሰሽ ጎመኑ ላይ ቆንጠር አድርገሽ ነስንሽላት። እንቁላሉንም ጠንከር ብሎ የተቀቀለውን ፈርፍረሽ በሳምንት አንድ ሁለቴ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስጫት፣ አሁን ላባ ልትቀይር ስለሆነ ፕሮቲን ትፈልጋለች፣ ላባ ማለት ፕሮቲን ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ግን ጎጆዋ ውስጥ አይቆይ፣ ይበላሻል፣ ለጎመኑም ለካሮቱም እንደዛው።

አንድ ነገር ደግሞ ብትገዢ ደስ ይለኛል፣ በግራም የምትመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። ጠዋት ሳትበላ መዝኛትና ደብተር ላይ ጻፊው፣ ልጅሽ ይጻፈው እንዲያውም። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች፣ ከለመደችው 3 ወይ 4 ግራም ከቀነሰ ነገሩ ከባድ ነው፣ አዲስ ምግብ እያስለመድሽ ከሆነ ወዲያው ወደ ድሮው እህሏ መልሻት። ወፍ መታመሟን ትደብቃለች፣ በዱር የታመመች ወፍ የጭልፊት ቀለብ ስለሆነች ነው፣ ስለዚህ ዓይን የማያየውን ሚዛን ያየዋል። ኩሷንም ልብ በይ፣ ጤነኛ ኩስ አረንጓዴ ጥቅልል ሆኖ ነጭ ነገር አብሮት አለ፣ አረንጓዴው ጠፍቶ ውሃና ነጩ ብቻ ከቀረ አልበላችም ማለት ነው። ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ወለል ላይ ከተቀመጠች ወይ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ አታሳድሪያት፣ ሙቀት ስጫትና ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ሞጣ ቀራንዮ፦

እኔ ግን ይሄ ሁሉ ነገር አይዋጥልኝም ወገኖች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ወፍ የእህል ፍጥረት ናት፣ በዱር ማን ጎመን ከትፎ እንቁላል ቀቅሎ ሰጣት? አጎቴ ቤት የነበረችው ዳጉሳ ብቻ እየበላች ነው የኖረችው። ሰው ወንድሙን መመገብ ባቃተው ጊዜ ለወፍ ሚዛን ግዙ ማለትም ይከብዳል። ምክሬ እህሏን ሳታጓድይ ንጹህ ውሃ ስጫት ነው።

ጣና ዳር፦

ሞጣ ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚለው ነው። ባጂ አገሯ የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ነው፣ እውነት ነው እዛም የሣር ፍሬ ነው የምትበላው። ግን የምትበላው ላስቲክ ውስጥ የከረመ ደረቅ እህል አይደለም፣ እሸትም ታገኛለች! ገና ወተት የቋጠረ፣ ያልደረቀ፣ የብዙ ዓይነት ሣር ፍሬ። በዛ ላይ ውሃና ምግብ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ትበራለች፣ የበላችውን ስብ በክንፏ ታወጣዋለች። የኛ ቄጤማ ግን ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ነው የምትዘለው። ወጪውም ቢሆን ጎመኑ ለቤት ከተገዛው ላይ አንድ ቅጠል ነው፣ እንቁላሉም ከልጁ ቁርስ ላይ ቆንጠር ማድረግ ነው፣ ማንም አይጎዳም። ሚዛኑ ባይኖርም በጣትሽ ደረቷ ላይ ያለውን አጥንት መዳሰስ ነው እህቴ፣ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ከስታለች ማለት ነው።

እሸት ካልን አይቀር፣ ጎጃም ላይ ሆኖ ለባጂ እሸት ማጣት አይቻልም! ጥቅምት ላይ የዳጉሳ እሸት ከነራሱ ቆርጠሽ ጎጆዋ ላይ አንጠልጥይላት፣ ስትሰቀልበትና ስትፈለፍለው ግማሽ ቀን ትውላለች፣ ለሷ ምግብም ጨዋታም ነው። እሸት በሌለበት ወር ደግሞ ብቅል አለ። ስንዴ ወይ ዳጉሳ ወይ ምስር ወይ ማሾ ማታ ትዘፈዝፊና ጠዋት አጥልለሽ ወንፊት ላይ ታኖሪዋለሽ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ በንጹህ ውሃ ታለቀልቂዋለሽ፣ ልክ ጭራው ብቅ ሲል ትሰጫታለሽ፣ እንደ ጠላ ብቅል እስኪረዝምና እስኪደርቅ አትጠብቂ። አሽተሽ ኮምጠጥ ወይ ሻገት ካለሽ በሙሉ ድፊው፣ ለቅሜ ላድነው አትበይ። ፔሌት ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ ደረቁ እህል ውስጥ ያልነበረ ቪታሚን ሲበቅል ይመጣል፣ ስቡም ይቀንሳል።

እህሉ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቂ፣ እዚህ ላይ አደራ። ቀይ ወይ ሮዝ ቀለም የተቀባው ምርጥ ዘር መድኃኒት አለበት፣ ለነቀዝ ክኒን የተደረገበት የጎተራ እህልም እንደዛው፣ ሁለቱም ይገድሏታል። ሻጋታ የነካው በቆሎና ለውዝ ጉበት የሚበላ መርዝ አለው። ግብጦና ጓያ ደግሞ በቃ ከወፍ ራቅ ይበሉ፣ ግብጦ ለሰው እንኳን ተቆልቶ ቀናት ውሃ ውስጥ ከርሞ ነው የሚበላው፣ ጓያ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ባቄላና አደንጓሬም ጥሬውን አይሆንም፣ አደንጓሬው በተለይ። ንፍሮ ስትቀቅሉ ግን ጨው ሳትጨምሪ በፊት ሁለት ሦስት የሽምብራና የስንዴ ፍሬ አውጥተሽ አቀዝቅዘሽ ጨፍልቀሽ ስጫት።

የዳንግላ ልጅ፦

ሰላም፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ መሰለኝ ግን ባሕር ዳርና ዘጌ በኩል ሾላ ላይ የሚንጫጩትን አረንጓዴ በቀቀኖች ይዞ ይሄን ማብላት ይቻላል? ሰው ይዤ ላምጣልህ ብሎኝ ነበር።

የቡሬው ሐኪም፦

ወንድሜ አይሆንም በለው። ትንሿ ክንፏ ጥቁር የሆነው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የትም የለችም፣ ተለቅ ያለው ግንባሩ ቢጫ የሆነው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የለመዱት ሾላና የጥድ ፍሬ ነው፣ ታስረው እህል ሲሰጣቸው አንበላም ብለው የሚሞቱ አሉ፣ ከጉድጓዳቸው የወጡ ጫጩቶች ደግሞ ማጉረስ ለማያውቅ ሰው አይተርፉም። ሾላው ስር ሄደህ እያቸው፣ በጣም ደስ ይላሉ። ለቤት የሚሆን ቤት ውስጥ የተፈለፈለ ነው።

የቄጤማ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳህኑን እፍ ስለው ከግማሽ በላይ ገለባ ሆኖ አገኘሁት፣ ታችኛው ላይ ትንሽ እህል ነበረ ተመስገን ነው። ጎመን ከትፌ ሳህን ላይ አድርጌ ሰጠኋት ግን ፈርታ ጥግ ይዛ ቀረች፣ አንድም አልነካችም። እህሉን ለግማሽ ቀን ባነሳው ተርባ አትቀምሰውም? ደግሞስ ፔሌት ከአዲስ አበባ ባስመጣ ይጠቅማል?

ጣና ዳር፦

እህሉን አታንሽባት! ትንሽ ወፍ የምትቋቋመው ረሃብ አይደለም፣ አለመብላቷ እልህ አይደለም፣ ጎመኑ ምግብ መሆኑን አታውቅም። ከትፈሽ ሳህን ላይ ከምታደርጊው ሙሉ ቅጠሉን አጥበሽ ውሃው ሳይራገፍ ከምትቆምበት እንጨት አጠገብ በልብስ መቆንጠጫ ስቀይላት። ባጂ እርጥብ ቅጠል ላይ ገላዋን ማሸት ትወዳለች፣ እየታሸች ጫፉን ትቆነጥረዋለች፣ ብዙዎቹ በዚህ ነው የሚጀምሩት። ሌላው፣ ልጅሽ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ካሮት ይብላ፣ መንጋ ስለሆነች ሌላው የሚበላውን ማየት ትፈልጋለች። አዲሱን ነገር ሁሌ ጠዋት ስጫት፣ የራባት ሰዓት እሱ ነው፣ እህሉ ግን ሳህኗ ላይ ይኑር። ቀኑ ቢረዝምም በየቀኑ አቅርቢው፣ ሳትነካው ብታነሽውም አትተይው።

ፔሌት ካገኘሽ ጥሩ ነው፣ ለባጂ የሚሆነው ደቃቁ ነው፣ ቀለም የሌለውን ምረጭ። ከአትክልቱና ከጥቂት እህል ጋር የምግቧን ግማሽ ያህል ቢሸፍን በቂ ነው። መጀመሪያ እንደ ዱቄት ደቁሰሽ እርጥብ ብቅሉ ላይ ነስንሽው፣ ከዛ በሳምንታት ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ካላገኘሽ ግን አትጨነቂ፣ ከላይ ባልነው ትኖራለች፣ አዮዲን ያለበት የወፍ ማዕድን ድንጋይ ከአዲስ አበባ ወንድምሽ ቢልክልሽ ይበቃል።

የቡሬው ሐኪም፦

አንድ ነገር ረስተን ነበር፣ ምግብ ባይሆንም ከምግቡ ቤት ስለሆነ። ጎጆዋ ወጥ ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጪው። ቴፍሎን መጥበሻ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጭስ እኛ ሳንሰማው ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ቡና ስታፈሉም ከሰሉና ዕጣኑ ካለበት ክፍል አርቃችሁ በር ዝጉባት፣ ሳንባዋ ከኛ ይልቅ አየሩን በደንብ ነው የሚስበው፣ ጭሱንም እንደዛው። የማርቆስ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ማታ ጎጆዋን በሦስት ጎን በነጠላ ሸፍኝላት፣ በአንዱ ጎን አየር ይግባ፣ ውሃዋንም ጠዋት ሳህኗን እፍ ስትይ አብረሽ ቀይሪው።

የቄጤማ እናት፦

ወጥ ቤት አጠገብ ነው ያለችው፣ አሁን ወደ ሳሎን በመስኮት በኩል ላዞራት ነው። ቅጠሉንም በመቆንጠጫ ሰቅየዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ምን እንዳደረገችው እጽፍላችኋለሁ።